የፊዚክስ አስተማሪው ሄደ፤ ልጁስ ይሂድ?

የበኩር እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ ሰሜን ለንደን አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ሲክስ ፎርም ጀምሯል፤ ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያሉት ሁለት ዓመታት ማለት ነው። አሁን የመጀመሪያው ላይ፣ ዬር 12 ነው። ሂሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ይወስዳል። ሐሳቡ ኢንጂነሪንግ ነው። ጂሲኤስኢ በሚባለው የ16 ዓመት ፈተና ላይ ፊዚክስ ከ9 8 አምጥቷል፤ ሰነፍ ልጅ አይደለም።

ኖቬምበር ላይ የፊዚክስ አስተማሪው ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ በምትክ የመጣው ሰው አራተኛው ነው። አንዷ የስፖርት አስተማሪ ናት። ስላይድ ትከፍትና "ገልብጡ" ብላ ትቀመጣለች። ደብተሩን ገልጬ አየሁት። ከኖቬምበር በኋላ የአስተማሪ እስክሪብቶ አልነካውም። አንድ ገጽ ላይ ልጁ ራሱ ጥያቄ ጽፎ፣ ራሱ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ትቶታል።

አንድ ፕራይቬት ኮሌጅ አነጋግሬያለሁ። ከኢስተር ዕረፍት በኋላ እንቀበለዋለን ብለውኛል። ክፍሉ ውስጥ ስምንት ልጅ ብቻ ነው። ክፍያው በተርም 7,000 ፓውንድ፣ ቫት ሲጨመርበት 8,400። እስከ መጨረሻው አራት ተርም ይቀረዋል። እቁቤ በማርች ይደርሰኛል፤ ለመጀመሪያው ተርም ይበቃል። ባለቤቴ "አብደሻል" ብሎኛል። እውነት አብጃለሁ?

ሹፌር 29፦ አላበድሽም፤ ግን ባለቤትሽ ልክ ነው። አራት ጊዜ 8,400 ማለት 33,600 ፓውንድ ነው። የመጨረሻው ተርም ላይ ደግሞ ልጁ ሜይ ውስጥ ለጥናት ተብሎ ቤት ይቀመጣል። ቤትሽ ተቀምጦ ለሚያጠናው ሙሉ ተርም ትከፍያለሽ። የፈተና ምዝገባውንም ለብቻ ሊያስከፍሉሽ ይችላሉ፤ ጠይቂ።

የእኔ ሒሳብ ይኸውልሽ። አስጠኚ በሰዓት 45 ፓውንድ። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ 45 ሳምንት። 4,050 ፓውንድ። በተረፈው 29 ሺህ ምናምን አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር ጣሪያ ሳይለብስ የቆመውን ቤትሽን ጨርሺበት።

ነርስ በሌሊት፦ ስለ ቤቷ ማን ጠየቀህ ወንድሜ? ጥያቄው ስለ ልጁ ነው። እኔ አድርጌዋለሁ፣ አልቆጨኝም። ሴት ልጄን ዬር 12 መሃል ላይ ነው ያወጣኋት። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ ዲ ይሆንላታል ብለው ነበር። ክፍሉ ከ24 ልጅ ወደ 7 ወረደ። አስተማሪዋ ስሟን ታውቃለች፣ የቤት ሥራ ካልሠራች በዚያው ቀን ትደውልልኛለች። በኤ እና በቢ ጨረሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ መጨረሻ ትርፍ ሽፍት ሠርቻለሁ። ደግሜ አደርገዋለሁ።

የፊዚክስ መምህር፦ እንኳን ደስ ያላችሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጅሽ ከመሃል ቀጠለች ወይስ ዬር 12ን እንደገና ጀመረች?

ነርስ በሌሊት፦ ሴፕቴምበር ላይ እንደገና ጀመረች። ለምን?

የፊዚክስ መምህር፦ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነዋ። ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ሦስት ዓመት ተማረች ማለት ነው። የበኩር እናት የምታወራው በኤፕሪል ገብቶ በመጪው ዓመት ሜይ ስለመፈተን ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የማስተምረው። የልጁ ነገር ያሳዝነኛል፣ አይገርመኝም ግን። እዚህ አገር የፊዚክስ አስተማሪ እንደ ጤፍ ነው፤ ሁሉም ይፈልጋል፣ የለም።

አሁን ስለ መሃል መዛወር። እዚህ አገር ኤ ሌቭልን፣ ማለትም የሲክስ ፎርም መጨረሻ ፈተናን የሚያወጣው መንግሥት ሳይሆን ፈታኝ ድርጅቶች ናቸው፤ ኤኪውኤ፣ ኦሲአር፣ ኤዴክሴል የሚባሉት። ትምህርት ቤቱ አንዱን ይመርጣል። ሂሳብ ላይ ችግር የለም፤ ከ2017 ወዲህ የሁሉም ይዘት አንድ ነው። ፊዚክስ ግን ዋናው ይመሳሰልና ቅደም ተከተሉ ይለያያል። አንዱ ትምህርት ቤት ከቅንጣቶች ይጀምራል፣ ሌላው ከሜካኒክስ። ኤኪውኤ ደግሞ በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ የሚመርጠው ክፍል አለው፤ አስትሮፊዚክስ፣ ሜዲካል ፊዚክስ፣ እንዲህ እንዲህ። በመሃል የሚገባ ልጅ ቅንጣቶችን ሁለቴ ይማርና ኤሌክትሪክ ሰርኪዩት የሚባለውን ጭራሽ ሳያየው ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ አስተምሬ አውቃለሁ። ጎበዝ ነበር። ማንም ያላስተማረው ምዕራፍ እንዳለ ያወቅነው በሙከራ ፈተና ነው።

ሌላ ደግሞ አለ። በሁለቱ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 12 የላብራቶሪ ሥራ መመዝገብ አለበት። ነጥብ ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው "አለፈ" ተብሎ ነው የሚጻፈው። ግን ኢንጂነሪንግ የሚያስተምሩ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይጠይቁታል። ኖቬምበር ላይ የሄደው ሰውዬ መዝገቡን የት እንዳስቀመጠው ዛሬውኑ ጠይቂ።

የበኩር እናት፦ ኧረ ላብ ከገቡ ቆይቷል። ኮሌጁን ስለ ፈታኝ ድርጅት አልጠየቅኩም፤ እነሱም አላነሱብኝም። ያሳዩኝ አዳራሹንና የቡና ማሽኑን ነው።

ሹፌር 29፦ ሃሃ! በ8,400 ቡናው ጀበና መሆን ነበረበት።

ደግሞ አትርሺ፤ ፕራይቬት ከገባ ዩኒቨርሲቲዎች ለእኛ ልጆች የሚያደርጉትን የነጥብ ቅናሽ ያጣል።

የመግቢያ ክፍል ሠራተኛ፦ እንደሱ በጅምላ አይባልም። እኔ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ኮንቴክስቹዋል ኦፈር የሚባለው ቅናሽ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ የሚኖርበትን ሰፈር ፖስትኮድ ያያል። አንዱ ነፃ የትምህርት ቤት ምሳ ያገኝ ነበር ወይ ይላል። አንዱ ጂሲኤስኢ የተፈተነበትን ትምህርት ቤት ያያል፣ ሌላው አሁን ያለበትን። ስለዚህ ሊያጣም ላያጣም ይችላል። የሚያመለክትባቸውን አምስት ዩኒቨርሲቲዎች ይዘሽ የእያንዳንዱን መስፈርት ማንበብ ነው። ሰተን ትረስት የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት የሚያዘጋጃቸው ነፃ የክረምት ፕሮግራሞች ግን በመንግሥት ትምህርት ቤት ላሉ ልጆች ናቸው። እነሱን በእርግጥ ያጣል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግምታዊ ውጤቱ ነው። እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚመለከተው ገና ሳይፈተን፣ አስተማሪዎቹ "ይህን ያመጣል" ብለው በሚጽፉት ነው። ያ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ዬር 12 ሲያልቅ፣ ጁን ጁላይ ላይ ነው። ልጅሽ ኤፕሪል ገብቶ ጁላይ ላይ በአንድ ተርም ትውውቅ ይገመግሙታል። ኦክስፎርድና ካምብሪጅን ካሰበ ደግሞ ማመልከቻው ኦክቶበር 15 ይዘጋል።

ከአዲስ አበባ፦ እኔ በእህቴ በኩል ነው ግሩፑ ውስጥ ያለሁት፤ ጣልቃ ልግባ። እናንተ እዚያ ሆናችሁም የምታስቡት በእኛ አገር ዓይን ነው። እዚህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ100 ተማሪ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ 5.4። እንዲህ ያለ ቁጥር የሰማ ወላጅ ያለውን ሸጦ ልጁን ግል ትምህርት ቤት ቢያስገባ አይፈረድበትም። እኛ ጎረቤት የሆነች ሴትዮ የወርቅ ሐብሏን ሸጣለች፣ ለ11ኛ ክፍል። ግን ለንደን ውስጥ "የመንግሥት" የሚለው ቃል ያንኑ ትርጉም ነው ያለው? እኔ አይመስለኝም።

የድሮ ሰው፦ ልጄ ልክ ብለሃል። እኔ በደርግ ጊዜ ነው እዚህ የመጣሁት። መጀመሪያ ያሳቀኝ ነገር፣ እንግሊዞች "ፐብሊክ ስኩል" የሚሉት ኢተንን የመሰለውን የሀብታም ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። አንዱ ወዳጃችን ፐብሊክ ስኩል ሲሉት የሕዝብ መስሎት ልጁን ሊያስመዘግብ ሄዶ ነበር።

ምሥራቅ ለንደን፣ ኒውሃም ውስጥ ብራምፕተን ማነር የሚባል የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። በ2021 ከኦክስፎርድና ካምብሪጅ 55 ኦፈር፣ ማለትም እንቀበላለን የሚል ቃል፣ ለተማሪዎቹ አገኘ፤ ኢተን 48። ሀብታም ሰፈር አይደለም፣ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ግል ማለት ጥሩ፣ መንግሥት ማለት መጥፎ የሚባለውን እንተወው።

ሌላም ነገር ልበል፣ አትቆጡኝ። በየትምህርት ቤቱ የሚጮኸው ወላጅ ጥቂት ነው። እሱ ልጁን ይዞ ሲወጣ፣ ለቀሩት ሃያ ልጆች ማን ይጮኻል?

ነርስ በሌሊት፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው። ለሃያው ልጅ እንድጮኽ የራሴን ልጅ መያዣ አላደርግም። እርስዎ ልጆችዎን አስመርቀዋል። እኛ ገና እሳቱ ውስጥ ነን። ብራምፕተን ማነርም ቢሆን ለሲክስ ፎርም የሚቀበለው መርጦ ነው፤ ኤፕሪል ላይ በሩን ብታንኳኳ አይከፍትላትም።

የድሮ ሰው፦ አልተቆጣሁም ልጄ። እሱ እውነት ነው።

የበኩር እናት፦ መንግሥት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በፕራይቬት ላይ 20 በመቶ ቫት ሲጥል፣ በገንዘቡ 6,500 አስተማሪ እንቀጥራለን ብሎ አልነበር? አንዷን ፊዚክስ ለልጄ ይላኩልኝና እኔም ቤቴ እቀመጣለሁ።

ሹፌር 29፦ ቫቱን ግን እኔ እደግፋለሁ። ለናፍጣ ቫት እከፍላለሁ፣ ለጎማ እከፍላለሁ። የባንከሩ ልጅ ትምህርት ለምን ይቀርለት?

ነርስ በሌሊት፦ ባንከሩ 1,400 ፓውንድ አይሰማውም። የሚሰማን እኛ ነን። ቫቱ ያስወጣው ልጅ ካለ፣ እንደኔ በሽፍት የሚከፈልለት ነው።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦ እኔ ልጅ ነኝ፣ ይቅርታ። እናቴ ናት ግሩፑን ያሳየችኝ። እኔም ዬር 12 ላይ ነው ወደ ፕራይቬት የሄድኩት፣ በስኮላርሺፕ። ትምህርቱ በጣም ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። አስተማሪው ጽፌ የሰጠሁትን በማግስቱ ይመልስልኛል።

ግን መሃል ላይ ስትገባ ሁሉም ጓደኛውን ይዟል። ከፌብሩዋሪ ዕረፍት ሲመለሱ ሁሉም ስኪ ስለሄዱበት ያወራሉ። እኔ አክስቴ ሱቅ ውስጥ በርበሬ በላስቲክ ስመዝን ነበር የከረምኩት። ምሳ ሰዓት አንዱ ሳህኔን አየና "ቪጋን ነህ እንዴ?" አለኝ። "አዎ፣ ረቡዕና ዓርብ" አልኩት። ሐሙስ ዕለት ዶሮ ስበላ ሲያየኝ በጣም ተናደደ፤ ለሱ መርሕ የሌለኝ ሰው ነኝ። በኋላ ጓደኛዬ ሆነ፣ ግን እስከዚያ አንድ ተርም ሙሉ ብቻዬን ነው የበላሁት። ውጤቴ ላይ አልታየም። እናቴም አታውቅም ነበር፣ አሁን ይህን ስታነብ ታውቃለች።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ልጁን ጠየቃችሁት?

የበኩር እናት፦ እውነቱን ልናገር? እንደምቀይረው ነው የነገርኩት። አልጠየቅኩትም። ማታ ከሥራ ስመለስ እጠይቀዋለሁ።

ሹፌር 29፦ እኛ ስንት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን፣ የነገሩ ባለቤት ልጁ ሳይጠየቅ።

የፊዚክስ መምህር፦ እስከዚያ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፊ። በስልክ አይሁን፣ በጽሑፍ። ለሲክስ ፎርሙ ኃላፊ፣ ለርዕሰ መምህሩ ግልባጭ። "ልጄ ተበደለ" ብቻ አትበይ፤ ያ ተነቦ ይቀመጣል። አራት ጥያቄ ጠይቂ። እስካሁን የትኞቹ ምዕራፎች ተሸፈኑ? ስንቱ የላብራቶሪ ሥራ ተመዘገበ? ቋሚ አስተማሪ መቼ ይገባል? እስከዚያ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር በጋራ ማስተማር ይቻላል? የመጨረሻው የማይሆን ይመስላል፤ ግን የሚያደርጉት አሉ። ኮሌጁንም ጠይቂ፤ የእነሱ የፊዚክስ አስተማሪ እዚያ ስንት ዓመት ሆነው? ከግልም ይለቃሉ።

የበኩር እናት፦ ማታ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። የኮሌጁን ድረ ገጽ እኔ ሳልነግረው አይቶታል። እነሱ ኦሲአር ናቸው፣ የእሱ ኤኪውኤ ነው። ሁለቱንም አትሞ፣ የተማረውን በቢጫ ቀለም አስምሮ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦታል። አወጣና አሳየኝ። ቢጫው ትንሽ ነው። ከኖቬምበር በኋላ ያለው ነጭ ነው። ስንት ቀን እዚያ መሳቢያ ላይ ልብስ እያጣጠፍኩ አስቀምጫለሁ።

"ማሚ፣ ብሄድም ይህን ነጩን እኔው ነኝ የማጠናው" አለኝ። ሂሳቡንና ኬሚስትሪውን ይወደዋል፤ አስተማሪዎቹ ጥሩ ናቸው። የጎደለው አንድ ሰው ነው። እስከ ጁን ፊዚክስ ብቻ አስጠኚ ይያዝልኝ አለ። የጁኑ ፈተና ላይ ቢ ካላመጣ፣ ሴፕቴምበር ላይ ሌላ የመንግሥት ሲክስ ፎርም ዬር 12ን እንደገና ይጀምራል። እኔ "መድገም" የሚለውን ቃል ስሰማ ሆዴ ተገለበጠ። እሱ ምንም አልመሰለው።

የፊዚክስ መምህር፦ እንደገና መጀመሩ ነውር አይደለም፣ በነፃም ነው። አሁኑኑ ማመልከት ጀምሩ እንጂ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ 18 ከሞላው መንግሥት ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ገንዘብ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ያንገራግራል።

ነርስ በሌሊት፦ እኔ አሁንም ባወጣው እመርጣለሁ። ልጆች ቻይ ይመስላሉ። ያ ሁሉ ነጭ ወረቀት አንድ ልጅ ብቻውን የሚሸከመው ነው? ግን ልጅሽ ነው፣ እግዜር ያግዘው።

የበኩር እናት፦ አሜን። ኮሌጁን ለጊዜው "ቆዩኝ" ብያቸዋለሁ፤ ሙሉ በሙሉ አልዘጋሁትም። ሹፌር፣ ያ በ45 ያልከው አስጠኚ እውነት ነው? ስልኩን በውስጥ ላክልኝ።

ሹፌር 29፦ እልክልሻለሁ። አሁን ደውዬለት ነበር። 50 ሆኗል።