አንድ አልጋ፣ ሁለት በሽተኛ፦ ነጥብ ይወስን ወይስ ሐኪም?

የገንደ ቆሬው፦
አቦ ጀመዓ፣ እስቲ ይቺን እንከራከርባት። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የቀረው አልጋ አንድ ነው እንበል። ድንገተኛ ክፍል ሁለት ሰው ተኝቷል። ማን ይግባ? እኔ ነጥብ ይወስን ባይ ነኝ። አፓቼ ሁለት የሚባለው መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ አለ፤ የሕመሙን ክብደት ከ0 እስከ 71 ይመዝናል። ሶፋ የሚባለውም አለ፤ እስከ 24 ነጥብ። ቁጥር ዘመድ የለውም። ውስጥ ሰው ያለው ቀድሞ ከሚገባ ቁጥሩ ይፍረድ።

ሲስተር፦
ወረቀቱን የምሞላው እኔ ነኝና ልናገር። መጀመሪያ ነገር፣ ነጥቡ የበዛው ነው የሚገባው ወይስ ያነሰው? የበዛው በጠና የታመመ ነው። ያነሰው የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነው። ወረቀቱ ይሄን አይመልስልህም። ደግሞ አፓቼ የሚሞላው ሰውየው ከገባ በኋላ፣ በመጀመሪያው 24 ሰዓት የታየው የከፋ ውጤት ተይዞ ነው። በር ላይ ላለ ሰው አልተሠራም።

የሚያናድደኝ ግን ሌላው ነው። አፓቼ የደም ጋዝ፣ ክሬቲኒን፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም የሚባሉ የደም ምርመራዎች ይፈልጋል። ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አልቆ ወይ አስታማሚው ውጭ የሚያሠራበት ብር አጥቶ ካልተለካ፣ ያ ቦታ እንደ ጤነኛ ተቆጥሮ ዜሮ ይሞላል። በቃ፣ ድሃው ወረቀት ላይ ደህና መስሎ ያርፋል። ቁጥር ዘመድ የለውም አልክ። ኪስ ግን ያውቃል።

የገንደ ቆሬው፦
እሺ፣ ይቺ ገብታኛለች። ታዲያ ምን ይሁን? ሐኪሙ ደስ እንዳለው?

የጁገሏ፦
ከሐረር ጣልቃ ልግባ። ላብራቶሪ የማይፈልግ ነጥብም አለኮ። ዩኒቨርሳል ቫይታል አሰስመንት ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ። ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊት፣ ኦክስጅን፣ ንቃት፣ ከዚያ የኤችአይቪ ሁኔታ። የተሠራውም ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች በሽተኞች ላይ ነው።

ውጭ የተለካ ሁሉ እዚህ አይሠራም። ሕክምናውም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ትኩሳት ይዟቸው ደማቸው በደንብ የማይዘዋወር ሕፃናት ላይ ጥናት ተሠራ። ፈሳሽ በደም ሥር በፍጥነት ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ 10.6 በመቶ ገደማ ሞቱ። ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ። ሁሉም ፈሳሹ ያድናል ብሎ ሲጠብቅ! ዛምቢያም እ.ኤ.አ. በ2017 በአዋቂዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ፦ የሞቱት 48.1 በመቶ ለ33 በመቶ።

ሲስተር፦
ላብራቶሪ በማይፈልገው ነጥብ እስማማለሁ። ማን ቶሎ ይታይ፣ ለማን ኦክስጅን ይቅደም ለሚለው እኔም እጠቀምበታለሁ። በር ለመዝጋት ግን አይሆንም። ነጥቡ ይሞታል ካለ እጃችንን እንሰበስባለን። ሰውየው ይሞታል። ከዚያ ነጥቡ ልክ ነበር እንላለን። ይሄ ማስረጃ ነው?

ጋሼ፦
እናንተ ስለ አልጋ ታወራላችሁ። እኔ የምጠይቀው ለቤተሰብ ቁጥሩ ይነገር ወይ ነው። ሰው ቤቱን ሸጦ ያሳክማል። ቢያውቅ አይሻልም?

ሲስተር፦
ጋሼ፣ ይነገር። ግን የመሞት ዕድሉ 60 በመቶ ነው ማለት እሱን ከሚመስሉ 100 ሰዎች 60ዎቹ ይሞታሉ ማለት ነው። ያንተ ሰው ከ60ዎቹ ይሁን ከ40ዎቹ ማንም አያውቅም። ይሄ ሳይብራራ ቁጥሩ ብቻ ከተነገረ፣ ይዘነው እንሂድ ነው የሚመጣው።

የገንደ ቆሬው፦
እንግዲያው የኔን ላስተካክል። ነጥቡ ይሞላ፣ ያልተለካው «አልተለካም» ተብሎ ይጻፍ፣ ውሳኔውን ግን ሁለት ሐኪም ምክንያቱን ጽፈው ይፈርሙ። ዘመድ ያለው እዚያ ላይ ይያዛል።

የጁገሏ፦
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሁለተኛውን ሐኪም ከየት ታመጣለህ?

የገንደ ቆሬው፦
ስልክ ይደወልለታ!