ኪዮቶና ኦሳካን የምታውቁ፣ እስቲ አንድ በሉኝ

ሰላም ወገኖች። ኪዮቶ ነኝ፤ ከነገ ወዲያ ኦሳካ እገባለሁ። አሳሂና ኪሪን የሚባሉት የትልልቅ ፋብሪካ ቢራዎች የትም አሉ። እኔ የምፈልገው ጃፓኖች «ጂ ቢሩ» የሚሉትን፣ ትንንሽ ጠማቂዎች የሚሠሩትን ቢራ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሕግ ለቢራ ጠመቃ ፈቃድ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ የዓመት ምርት ከ2 ሚሊዮን ወደ 60 ሺህ ሊትር ካወረደ ወዲህ በየከተማው አለ። ግን የት? ካርታው ሕንፃ ስር ያቆመኛል። መጠጥ ቤቱ ፎቅ ላይ ይሁን ምድር ቤት እንጃ፤ ጽሑፉ ሁሉ ካንጂ፣ ማለትም ከቻይና የመጣው የጃፓኖች ፊደል ነው! እስካሁን የያዝኩት ከሱቅ የምገዛውን ዮና ዮና የሚባል የጂ ቢሩ ጣሳ ነው። አይከፋም፣ ግን ድራፍት አያክልም።

ኦሳካ ውስጥ ሚኖ ቢራን በድራፍት የሚቀዳ፣ ብቻውን ለሚመጣ ሰው የሚመች ቤት የምታውቁ? ሳላዝ መጥቶ ሂሳብ ላይ የሚደመረው «ኦቶሺ» የሚሉት ትንሽ ምግብ እዚያም አለ? የቤቱን ስም በጃፓንኛ ጻፉልኝ፣ ለታክሲው አሳያለሁ።