የብሎክቼይን ክፍያ በገንዘቡ ልክ ይቆረጥ?

ገንደ ቆሬ፦ ሰላም ድሬዎች። በብሎክቼይን፣ ማለትም ግብይት በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በሚመዘገብበት ኔትወርክ፣ ስትልክ ክፍያ አለ። በቢትኮይን 20 ዶላር የሚልክና 20 ሺህ የሚልክ ይሄን ክፍያ እኩል ሊከፍሉ ይችላሉ። ይሄ ፍትህ ነው? እኔ በመቶኛ ይቆረጥ ባይ ነኝ። ተከራከሩኝ።

ሳቢያን፦ አቦ፣ ኔትወርኩ የሚሸጠው ቦታ ነው። ብሎክ፣ ማለትም የግብይቶች ጥቅል፣ የሚመጣው በአማካይ በ10 ደቂቃ አንዴ ነው፣ ጠባብም ነው። የምትከፍለው ግብይትህ ለያዘው ዳታ ነው። አዲስ አበባ ልትሄድ አውቶቡስ ስትሳፈር ኪስህ ውስጥ ስንት እንዳለ ይጠይቁሃል እንዴ?

ገንደ ቆሬ፦ አውቶቡስ ታሪፍ አለው! ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ብሎክ የሚሠሩት ማይነሮች በየብሎኩ የሚያገኙት ሽልማት ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ሲወርድ፣ የዕለቱ አማካይ ክፍያ ከ100 ዶላር በላይ ወጣ። የ20 ዶላሩ ላኪ ምን ይሁን?

ሳቢያን፦ ግርግሩ እስኪያልፍ ይጠብቃ።

ከዚራ፦ መጠበቅማ ለሁሉም አይሆንም። የታመመ ሰው ያለው አይጠብቅም። ግን መቶኛውም አያዋጣም። ቢትኮይን ስትልክ መልሱ፣ ማለትም ከላክኸው የተረፈው፣ ወደ ራስህ አድራሻ ይመለሳል። ኔትወርኩ የቱ ክፍያ፣ የቱ መልስ እንደሆነ አይለይም። አንድ ላይ ካስቀመጥከው 1 ሺህ ዶላር 20 ብትልክ፣ በሺሁ ላይ ሊቆርጥብህ ነው። ደግሞ ማይነሩ ትልልቁን እያስቀደመ ያንተን 20 ዶላር ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ገንደ ቆሬ፦ እሺ፣ ሌላው ኔትወርክ ኢቴሬም ላይስ? ግብይቱ ከሽፎም ጋዙን፣ ማለትም የኔትወርኩን ክፍያ፣ ይበላሉ።

ከዚራ፦ ኮምፒውተሮቹ ሠርተውበታል እኮ። ከ2013 ክረምት ወዲህ ደግሞ መሠረታዊው ክፍያ ይቃጠላል፣ ማንም ኪስ አይገባም።

ታይዋን፦ ሁላችሁም ኔትወርኩን ይዛችኋል። የሰው ገንዘብ የሚበላው ክሪፕቶ መገበያያው መድረክ ላይ ነው! የማውጫ ክፍያውን ራሱ ይተምናል፣ ከዚያ «የኔትወርክ» ብሎ ይጽፍልሃል። ያው ዩኤስዲቲ፣ በዶላር ልክ የሚሄደው ክሪፕቶ፣ በትሮን ኔትወርክ ሌላ ዋጋ፣ በኢቴሬም ሌላ ዋጋ። ሰው ለሰው ስትሸጥም ትርፉን ምንዛሬው ውስጥ ደብቀውታል። አቤት የምትልበት የለህም። ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ መክፈል ሕገ ወጥ ነው ብሎ ያስጠነቀቀው ገና በ2014 ነው።

ገንደ ቆሬ፦ መቶኛው ይቅር በቃ። ግን መድረኮቹ ኔትወርኩ የወሰደውንና የራሳቸውን ለይተው ይጻፉ። ይሄን የሚቃወም አለ?

ሳቢያን፦ እኔ። ጠቅላላውን ቀድሞ ካሳየኝ ይበቃኛል። ከተወደደ ሌላ ጋ እሄዳለሁ።

ታይዋን፦ ገንዘብህ እዚያ ተቀምጦ ወዴት ነው የምትሄደው? ለመውጣትም እኮ ያስከፍሉሃል።