የትራያትሎን ፕሮፖዛላችን፦ ከማስገባታችን በፊት ሁላችሁም ሀሳባችሁን ወርውሩ

ጸሐፊ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ የማህበራችን ልጆች። ቅዳሜ ቡና ላይ የጀመርነውን እዚሁ እንጨርሰውና ለስፖርት ቢሮው እናስገባ፣ አለበለዚያ እንደ አምናው "እናስብበት" እያልን ክረምት ይገባል። ረቂቁ ለጊዜው እንዲህ ነው፦ ዋና 750 ሜትር እዚሁ ጅማ ቦዬ ውሃው ላይ፣ ብስክሌት 20 ኪሎ ሜትር በአጋሮ መንገድ ደርሶ መልስ፣ ሩጫ 5 ኪሎ ሜትር መጨረሻው ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግስት በር ላይ። ስፕሪንት ሚባለው ርቀት ነው፣ ኦሎምፒክ ላይ ሚወዳደሩት የዚህ እጥፍ ነው፣ 1500 ሜትር፣ 40 እና 10። ቀኑ እሁድ ጥር 30/2019። ተወዳዳሪ 60። እስከ ረቡዕ ማታ ሀሳብ ያለው ይበል፣ ከዛ በኋላ "እኔ እኮ ብዬ ነበር" አይሰራም።

ሲስተር፦
ቦዬ??? ጉማሬዎቹን አስፈቅዳችኋል? ሃሃሃ

ዋናተኛው፦
እኔም ቅዳሜ ልናገር ብዬ ቡናው ሲቀርብ ተረሳ። ግልገል ጊቤ ግድቡ ላይስ ብናደርገው?

ሲስተር፦
እዛም ጉማሬ አለ ወንድሜ፣ ሩቅም ነው። ጉማሬውን እንኳን ተዉት፣ የሰመጠ ሰው ምናወጣበት ጀልባ የለን፣ ሰልጥኖ ሚያድን ሰው የለን፣ የቆመ ውሃ ላይ ቀንድ አውጣ ካለ ደግሞ ቢልሃርዝያ አለ ብላችሁ ጠርጥሩ፣ እኔ ደግሞ ከውድድሩ በኋላ ኪኒን ሳድል መክረም አልፈልግም። ፓሪስ ላይ በ2024 ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሰው ወንዙን እናፀዳለን ብለው ውሃው ስላልጠራ የወንዶቹ ትራያትሎን በአንድ ቀን ተገፍቷል። እነሱ ያልቻሉትን እኛ ልንችል ነው? አወቱ ወንዝን ደሞ ማንም እንዳያነሳብኝ።

ዋናተኛው፦
እሺ ገባኝ፣ ግን ይሄ ወሬ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ "በቃ ዋና ይቅር" ልትሉ ነው። ዋና ከወጣ እኮ ዱአትሎን ነው ሚሆነው፣ ሩጫ ብስክሌት ሩጫ፣ ሁለት ጊዜ መሮጥ ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ አንዴውም በግድ ነው። የሆቴሉ ገንዳ አለ አይደል? ገንዳ ላይ ሚደረግ ትራያትሎን እኮ በየሀገሩ ያለ ነው፣ ሰው በየምድቡ ይገባል፣ የየራሱ ሰዓት ይያዝለታል፣ አለቀ።

ብስክሌተኛው፦
እኔ ከቅዳሜ ጀምሮ ዝም ያልኩት ክርክሩ ሁሉ ርቀትና ቦታ ላይ ስለሆነ ነው። እንደምታውቁት ጀርመን ማስተርሴን ስሰራ ሁለት ስፕሪንት ተወዳድሬያለሁ፣ የሁለቱም ርቀት አንድ ነው፣ ከአንዱ ግን ደስ ብሎኝ ካንዱ ደግሞ ላለመሳደብ ጥርሴን ነክሼ ነው የወጣሁት። መጀመሪያ የተቃጠልኩበትን ልንገራችሁ።

ጠዋት ማብራሪያ የሰጡት በቋንቋቸው ብቻ ነው፣ እኔ ያኔ ዳቦ ከመግዛት ያለፈ ጀርመንኛ የለኝም፣ ሰው ሲስቅ እየሳቅኩ ቆምኩ። ከሀይቁ ስወጣ ትራንዚሽኑ (ብስክሌቱ ተሰቅሎ ሚጠብቅበት፣ ጫማና ልብስ ሚቀየርበት ቦታ) ረድፎቹ ላይ ቁጥር የለም። በባዶ እግሬ ጠጠር ላይ እንደ ፌንጣ እየዘለልኩ ጥቁር ብስክሌት ፍለጋ፣ ግማሹ ሰው ጥቁር ነው ያለው። እሺ ይሄ ይሁን። ብስክሌቱ ላይ ከግማሽ ትንሽ እንዳለፈ መገንጠያ አለ፣ ወደ ግራ ነው ሚታጠፈው፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ልጅ መቆም አለበት እዛ ጋ። እኔ ስደርስ ሰደርያው ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ልጁ የለም። ቀጥ አልኩ። ትራክተር ላይ ያለ ገበሬ እጁን እያወናጨፈ እስኪመልሰኝ ድረስ 4 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ፣ መመለሻውን ስትጨምሩ 8። ሩጫው ላይ ውሃ ሚሰጡት ጋ ስደርስ ጠረጴዛውን እያጣጠፉ ነው፣ አንዷ ልጅ አይታኝ አዘነችና ከራሷ ኮዳ አጠጣችኝ፣ እሷን እስከዛሬ እመርቃታለሁ። መጨረሻው ላይ ያ በአየር ሚነፋው ትልቅ በር ተንፍሶ መሬት ላይ ተዘርሯል፣ በላዩ ተራምጄ ነው የገባሁት። ሰዓት ሚይዝ የለም፣ ማንም የለም። ማታ ሪዛልት ሲወጣ ስሜ ፊት ለፊት "አልጨረሰም" ይላል። አልጨረሰም! ከሁሉም ሰው 8 ኪሎ ሜትር አስበልጬ እኮ ነው የመጣሁት።

ሁለተኛው ትንሽዬ ከተማ ውስጥ ነው፣ ሙዚቃ የለ፣ ሜዳልያው ራሱ ከእንጨት የተቆረጠ። ግን ከዋናው በፊት አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አዲሶቹን ሰብስባ መንገዱን በእግራችን አስኬደችን። ከውሃ በዚህ ትወጣላችሁ፣ ያንተ ብስክሌት ከዛፏ አራተኛው ረድፍ ነው፣ ሄልሜትህን ሳትቆልፍ ብስክሌቱን እንዳትነካ፣ ከዚች መስመር በፊት እንዳትወጣበት፣ እያለች አንድ በአንድ። የሄልሜቱ ነገር የስፖርቱ ህግ ነው ባይ ዘ ወይ፣ የሷ ፈሊጥ አይደለም። መታጠፊያ ሁሉ ላይ ሁለት ሁለት ሰው ቆሟል። ከመጨረሻው ተወዳዳሪ ኋላ ደግሞ አንድ ሰውዬ ብስክሌቱ ላይ የእውነት መጥረጊያ አስሮ ይመጣል፣ መጥረጊያው ሳያልፍ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም። መጨረሻ የገባው ሽማግሌ ነበር፣ እኔ በልቼ ጠጥቼ ልብሴን ቀይሬ ተቀምጫለሁ፣ እሱ ሲደርስ በሩ እንደቆመ ነው፣ ሙዝ አለ፣ ሴትዮዋ ራሷ ሰዓቱን ጻፈችለት።

ስለዚህ እኔ ምለው ፕሮፖዛሉ ላይ ከርቀቱ በፊት መታጠፊያና መጥረጊያ ይግባልኝ። ቦዬም ይሁን ገንዳ፣ 20ም ይሁን 10፣ ለኔ ያው ነው።

ኮች፦
መጥረጊያው ተመችቶኛል። የኛን ባጃጅ እናድርገዋ፣ መጥረጊያውን ከኋላ ሽቅብ አስረን፣ ጅማ ላይ ደግሞ ባጃጅ ሞልቷል።

ሲስተር፦
ባጃጁ ጥሩ ነው፣ የደከመም ይጭናል። ግን አምቡላንስ በባጃጅ አይተካም፣ ቀይ መስቀልን ለብቻው በደብዳቤ እንጠይቅ፣ የዩኒቨርስቲው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍልም ቀኑን አስቀድሞ ይወቅ። እኔ መንገዱ ላይ አንድ ድንኳን እይዛለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ብስክሌተኛው ሁለት ሰው በየመታጠፊያው ስትል ሂሳቡን አስበኸዋል? ኢንጅነር ስንት መታጠፊያ ነው ያለው?

ኢንጅነር፦
ከሆቴሉ ወጥቶ አጋሮ መንገድ እስኪያዝ ድረስ ሰው ሊሳሳትበት ሚችለውን ብቻ ቆጠርኩ፣ 9 ነው። ዋናውን አስፋልት ከያዝን በኋላ ማዞሪያው ብቻ፣ እሱ ላይ በርሜል አስቀምጠን ሁለት ሰው። ሩጫው ከተማ ውስጥ ዞሮ ሚመለስ ከሆነ 6 ይጨመራል። 16 ቦታ፣ 32 ሰው። አደባባዩ ትራፊክ ፖሊስ ይፈልጋል፣ የኛ ልጅ ሰደርያ ለብሶ ባጃጅ ላስቁም ቢል ማን ይሰማዋል።

ኮች፦
32 ልጅ ከዩኒቨርስቲው አመጣለሁ ችግር የለም። ግን አንድ ነገር ልበል፣ ብስክሌተኛው ያንን ልጅ ብትወቅሰውም ሰደርያውን ወንበር ላይ የሰቀለው ለምን ይመስልሃል? ሌሊት 11 ሰዓት ቀስቅሰው አቁመውት ቁርስ የሚያመጣለት ሰው ጠፍቶ ይሆናላ! እኔ አንዴ የጎዳና ሩጫ ላይ ማርሻል ሆኜ ቆሜ አውቃለሁ፣ አራት ሰዓት ሙሉ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ጥዬ ሄጃለሁ፣ አሁን ነው የምናዘዘው። ስለዚህ በጀቱ ላይ ከሜዳልያው በፊት የነሱ ዳቦና ሻይ ይግባ፣ በሞተር ሚያዞር ሰው ይመደብ።

ብስክሌተኛው፦
ኧረ አንተ ነህ እንዴ ያ ልጅ ሃሃሃሃ። ይሁን ተቀብያለሁ፣ ቁርሱ ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦
በጀቱ ከመጣ እኔም ልናገር። 60 ሰው አንችልም። ሄልሜት ያላችሁ እጃችሁን አውጡ ብዬ ቅዳሜ ቆጥሬያለሁ፣ ከተውሶው ጋር 38 ነው ሚሞላው፣ ያለ ሄልሜት ደግሞ ማንም አይነዳም ብለን ልንጽፍ ነው። 36 እናድርገው። ትንሽ ነው ብላችሁ ደሞ እንዳታፍሩ፣ ያ አይረንማን ሚባለው ጉድ (3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ብስክሌት፣ ከዛ ማራቶን) እኤአ በ1978 ሀዋይ ላይ ሲጀመር 15 ሰው ነው የተነሳው፣ 12 ጨረሱ። ኦሎምፒክ የገባው ስፖርቱ ራሱ በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። እኛ በ36 ብንጀምር ነውር የለውም።

ዋናተኛው፦
36 ለገንዳውም ይመቻል። 4 መስመር፣ በመስመር 3 ሰው፣ አንድ ምድብ 12፣ ሶስት ምድብ በቃ። 400 ሜትር እናድርገው፣ ቀርፋፋው በ15 ደቂቃ ይጨርሳል፣ በየ20 ደቂቃው እናስገባለን። በመስመር አንድ ቆጣሪ ይቁም፣ ዋና ላይ ሰው ቁጥር ይጠፋዋል፣ እኔ ራሴ ይጠፋኛል። ኮፍያ በየምድቡ ቀለሙ ይለይ።

ሲስተር፦
ሰዓቱስ በምን ነው ሚያዘው? እግር ላይ ሚታሰረው ቺፕ የለንም።

ኢንጅነር፦
በስቶፕ ዎች እና በወረቀት፣ መጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ አንድ ስልክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቪዲዮ እየቀረፀ ይቁም፣ ፓወር ባንክ ይዞ። ቁጥሩን ክንድና ባት ላይ በማርከር እንጽፋለን፣ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ቢያያዝ ገንዳ ውስጥ ይቀራል።

ጸሐፊ፦
ጎበዞች። የቀረው ጅሬን እና ቀኑ ነው። ጅሬንን እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ ፎቶው ያምራል ብዬ፣ ቢሮውም ይወደዋል።

ብስክሌተኛው፦
ጋሼ አያምርም አላልኩም፣ ግን ቤተ መንግስቱ ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገት። ሰው ጫማውን፣ ልብሱን፣ ስልኩን፣ ብስክሌቱን ሆቴሉ ግቢ ትቶ ላብ በላብ ሆኖ እላይ ሲደርስ ማን ያወርደዋል? መጀመሪያና መጨረሻው አንድ ግቢ ከሆነ ድንኳኑ አንድ፣ ሰዓት ያዡ አንድ፣ ጥበቃው አንድ። እንግዶቹን ቅዳሜ ቤተ መንግስቱን እናስጎብኛቸው፣ ፎቶውም የዛን ቀን ይነሳ።

ጸሐፊ፦
ጋሼ ካልከኝማ ምን እላለሁ፣ ተሸነፍኩ። ቀኑስ?

ኮች፦
ጥር 30 አይሆንም። ረመዳን የካቲት 1 አካባቢ ነው ሚገባው፣ ዋዜማው ላይ ወድቀናል ማለት ነው፣ ግማሾቻችን ቤት ሰው ዝግጅት ላይ ነው። ጥር 23 እሁድ ይሁን፣ ጥምቀትም ያልፋል።

ገንዘብ ያዥ፦
ለምን ወደ ህዳር አናመጣውም? ዝናቡም ያኔ ያቆማል።

ኢንጅነር፦
ህዳር የቡና ለቀማ ነው እኮ፣ አጋሮ መንገድ በአይሱዙ ይሞላል። በጥር ትንሽ ይቀላል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከጀመርን ደግሞ መንገዱ ሳይሞላ የመጨረሻው ብስክሌት ይመለሳል። ልምምዱን ግን ሐሙስ እንዳታደርጉት፣ የገበያ ቀን ነው፣ አህያና ጆንያ መሀል ነው ምትነዱት።

ጸሐፊ፦
በሉ የተስተካከለው ይሄው፣ ዋናዎቹን ነጥቦች ብቻ ነው የፃፍኩት።

"ማህበራችን እሁድ ጥር 23/2019 ዓ.ም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ 36 ተወዳዳሪዎች የሚሳተፉበት 400 ሜትር ዋና በገንዳ፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት እና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ለማካሄድ ይጠይቃል። መነሻና መድረሻው አንድ ግቢ ነው። በ16 መታጠፊያዎች ሁለት ሁለት አስተባባሪ ይቆማል፣ ቁርስና ውሃ በየቦታቸው ይደርሳቸዋል፣ መጥረጊያ የታሰረበት ባጃጅ ሳያልፋቸውም ከቦታቸው አይነሱም። የውድድር ማብራሪያ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሰጣል፣ አዳዲስ ተወዳዳሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት መንገዱን በእግር ይጎበኛሉ። ሄልሜት የሌለው አይነዳም። የመጨረሻው ተወዳዳሪ ሰዓት ሳይመዘገብ መድረሻው አይፈርስም።"

ደብዳቤውን ኮች ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልሰዋል፣ ሁለቱንም ነው ምናስገባው። ብስክሌተኛው የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ላንተ ናት።

ብስክሌተኛው፦
አይቻታለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ዋናተኛው፦
አንድ ነገር፣ 400 ሜትር ያልነው ገንዳው 25 ነው ስላሉን ነው። የለካው ሰው አለ?

ኢንጅነር፦
ነገ ከስራ ስወጣ ሄጄ እለካዋለሁ።

ኢንጅነር፦
ከገንዳው ነው ምፅፍላችሁ። 25 አይደለም። ሁለቴ ለካሁት፣ አስተናጋጁ ጫፉን ይዞልኝ፣ 22 ሜትር ከ40 ነው። ጥበቃው "ሁሌ 25 ነው ሚባለው" ብሎ ተቆጣኝ።

ዋናተኛው፦
ኧረ! እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ 1 ኪሎ ሜትር ዋኘሁ እያልኩ ለሰው ሳወራ 900 ነው ለካ።

ገንዘብ ያዥ፦
ታዲያ 400 እንዴት ይሞላል?

ኢንጅነር፦
18 ጊዜ ማቋረጥ፣ 403 ሜትር ከ20 ይመጣል። ቁጥሩ ለሁለት ስለሚካፈል በገቡበት በኩል ነው ሚወጡት፣ ለብስክሌቱም ቅርብ ነው።

ሲስተር፦
3 ሜትሩስ?

ኮች፦
ምርቃት ነው በያቸው።