ለመጀመሪያ ዳይቪንግ ዛንዚባር፦ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር?

"ዳይቪንግ መሞከር እፈልጋለሁ፣ የት ልሂድ?" ለምትሉኝ ሁሉ፣ ማለትም ከሲሊንደር አየር እየተነፈሳችሁ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ለምትፈልጉ፣ የእኔ ጥቆማ ዛንዚባር ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። ውሃው ከ25 እስከ 29 ዲግሪ ስለሆነ ስስ ዌትሱት (ሙቀት የሚጠብቅ የጠላቂ ልብስ) ይበቃል። ሲሸልስ በጣም ያምራል፣ ግን ኪስ ይጎዳል። ጅቡቲ ቅርብ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ወደር የለውም፣ እሱን ግን ሳትጠልቁ በስኖርክል (ውሃ ላይ ሆኖ በቱቦ እየተነፈሱ) ታዩታላችሁ። የዛንዚባር ጎረቤት ፔምባ ደግሞ ባሕር ውስጥ ገደልና ኃይለኛ ጅረት ስላላት ልምድ ላለው ሰው ትቆየው።

ደሴቷ ላይ የት ማረፍ ይሻላል? እኔ ኑንግዊን እመርጣለሁ። ሰሜን ጫፍ ላይ ነው፤ ባሕሩ ብዙ አይሸሽም። በምሥራቅ በኩል፣ ለምሳሌ ፓጄ፣ ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ ረጅም መንገድ በእግር ትሄዳላችሁ። ብዙ ጠላቂ ለሚሄድባት ለትንሿ ደሴት ለምኔምባ የሚቀርበው ማቴምዌ ነው፤ ጸጥታ ለሚወድ ሰው እሱም ጥሩ ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናብ ስለሆነ ሌላ ወር ፈልጉ።

ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንዱ የአንድ ቀን ሙከራ ነው፣ ዲስከቨር ስኩባ ይሉታል። ከአሰልጣኝ ጋር ቢበዛ እስከ 12 ሜትር ትወርዳላችሁ። ሌላው ኦፕን ዋተር የሚባለው ኮርስ ነው። ሦስት ወይም አራት ቀን ይወስዳል፣ አራት ጊዜ ባሕር ያስገባችኋል፣ እስከ 18 ሜትር የሚያስወርድ የምስክር ወረቀት ይሰጣችኋል። ወረቀቱን የሚሰጠው ድርጅት ፓዲም ሆነ ኤስኤስአይ፣ ሁለቱም በየአገሩ ተቀባይነት አላቸው። ለኮርሱ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍ ይጠየቃል። ስለዚህ ዋና የማትችሉ ከሆነ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዚሁ አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ወር ገንዳ ግቡ። እኔ በትልቅነቴ ነው የተማርኩት፤ ይቻላል።

ገንዘባችሁን ከሆቴል ይልቅ አሰልጣኝ ላይ አውጡ። ባሕር ዳር ፓፓሲ የሚባሉ ደላሎች ርካሽ ዋጋ ይጠሩላችኋል። እኔም አንድ ቦታ ተከትዬ ሄጄ ነበር። የጤና ፎርም አላስሞሉኝም። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የጆሮ ችግር ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የሰጡኝን መተንፈሻ አፌ ላይ አድርጌ ስስበው አየሩ ዘይት ዘይት ሸተተኝ። የሲሊንደር አየር ምንም ሽታ ሊኖረው አይገባም። ይቅርብኝ ብዬ ወጣሁ፤ የከፈልኩት ቀብድ እዚያው ቀረ፣ አልቆጨኝም።

በማግስቱ ያገኘሁት ቦታ ሌላ ነበር። አሰልጣኟ የያዘችው እኔንና አንዲት ልጅ ብቻ ነው። ገንዳ ውስጥ ማስኬን (ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነውን መነጽር) ግማሽ ድረስ ውሃ አስሞላችኝ። ሦስት ጊዜ ደንግጬ ብድግ አልኩ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ እጄን ይዛ ጠበቀችኝ። በአራተኛው በአፍንጫዬ እፍ ስል ውሃው ወረደና ፊቷ ጥርት ብሎ ታየኝ። ፍርሃቴ የለቀቀኝ ያኔ ነው። ስለዚህ ስትደውሉ "ለአንድ አሰልጣኝ ስንት ሰው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ለድንገተኛ አደጋ የሚሆን የኦክስጅን ሳጥን ጀልባው ላይ መኖሩን፣ የምኔምባ መግቢያ በዋጋው ውስጥ መሆኑንም እንዲሁ።

ስትወርዱ የውሃው ግፊት ጆሮን ይጫናል፤ እስኪያማችሁ አትጠብቁ። ገና አንድ ሜትር ስትወርዱ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ንፉ፣ በየሜትሩ ድገሙት። ካልከፈተ ትንሽ ወደ ላይ ተመለሱ። ጉንፋን ካለባችሁ ቀኑን ቀይሩ። ትንፋሻችሁን ደግሞ በፍጹም አትያዙ፤ ወደ ላይ ስትወጡ ሳንባ ውስጥ የቀረው አየር እየሰፋ ጉዳት ያደርሳል።

ከዕቃ ማስክ ብቻ ግዙ፣ ሌላውን ተከራዩ። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ በአፍንጫችሁ ሳቡ። ሳይወድቅ ከቆየ ልካችሁ ነው። ጥሩ ማስክ ስላለኝ ነው ምኔምባ ላይ ያቺን ኤሊ አጠገቧ ቆሜ ያየኋት። የባሕሩን ሣር ስትነጭ ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

ወጪ ስትይዙ የግዴታውን የዛንዚባር ኢንሹራንስ አትርሱ፤ ከ2024 ጥቅምት ወር መጀመሪያ ጀምሮ ለውጭ ዜጋ 44 ዶላር ነው። ዳይቪንግን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ለብቻው ግዙ።

አዲስ አበባ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ የመልስ በረራው ትልቅ ጉዳይ ነው። ከውሃ በታች ሰውነት ውስጥ የሚገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። አለበለዚያ ከፍታ ላይ ስንወጣ፣ ለስላሳ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ አረፋ ይሠራል። ለብዙ ቀን ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትበሩ መቆየት ይመከራል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ እንደ 2,400 ሜትር ከፍታ ነው። ሌላው መንገደኛ ቆላ አገሩ ሲያርፍ ግፊቱ ይመለስለታል። እኛ ግን ቦሌ ስናርፍም ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። እኔ ሙሉ 24 ሰዓት እተዋለሁ። የመጨረሻዋን ቀን አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን ውስጥ እየተዘዋወርኩ አሳልፌ፣ ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው የምግብ ገበያ ላይ አሳ በልቼ ነው ወደ ኤርፖርት የምሄደው።