ከብዙ ክብደት ቅነሳ በኋላ ለሚቀር ልል ቆዳ ቀዶ ሕክምና ግድ ነው?

ጥያቄ፦ ክብደቴን በብዙ ከቀነስኩ በኋላ የሆዴ ቆዳ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ከእጥፋቱ ሥርም ደጋግሞ ይቆስላል። የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ሊሰበስበው ይችላል?

መልስ 1፦ እንቅስቃሴ ጡንቻን ያዳብራል እንጂ የመለጠጥ ኃይሉን ያጣ ቆዳን አይሰበስብም። ትርፉን ቆዳ ማስወገድ የሚቻለው በቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ክብደትዎ ቢያንስ ለ6 ወር ያህል ሳይዋዥቅ እንዲቆይ ይፈልጋሉ።

መልስ 2፦ የሚያጨሱ ከሆነ ሳምንታት ቀደም ብለው ማቆም አለብዎት፤ ኒኮቲን የደም ሥሮችን አጥብቦ የቁስሉን መዳን ያዘገያልና። ጠባሳው ከዳሌ እስከ ዳሌ ሊደርስ እንደሚችልና ፈጽሞ እንደማይጠፋ ግን፣ እኔ እንደምታዘበው፣ ብዙዎች አስቀድመው አያስቡበትም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ክብደቴ ገና እየቀነሰ ስለሆነ እጠብቃለሁ፤ ቁስለቱንስ?

መልስ 1፦ እጥፋቱን አጥበው በደንብ ያድርቁት፤ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ለቆዳ ሐኪም ያሳዩት።