ልጄ ፊደሉን በዜማ ያንበለብላል፣ ነጥሎ ግን አያውቀውም

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ልጄ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ዘንድሮ ኦ ክፍል ገብቷል።

ገበታውን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳይተነፍስ ይወጣዋል። ብትሰሙት አንባቢ ነው ትላላችሁ። ትናንት ማታ ግን «ሱ»ን በጣቴ ነካሁና «ይሄ ማነው?» አልኩት። ዝም። ከዚያ ከ«ሀ» ጀምሮ በሹክሹክታ እየዘመረ ወረደ። እዚያች ጋ ሲደርስ «ሱ!» ብሎ ጮኸ። ለካ የያዘው ዜማውን ነው! «ሰ»ንና «ሸ»ን ለብቻ በወረቀት ስጽፍለትማ ጭራሽ ይደባለቁበታል።

ከትምህርት ቤት በየቀኑ አንድ ገጽ ገልብጥ ተብሎ ይመጣል። ይገለብጣል፤ ምን እንደገለበጠ ግን አያውቅም። በዚህ ብርድ እጁ ደንዝዞ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል።

እኔ ፋብሪካ በሺፍት ስለምሠራ ቀን ቀን ከእናቴ ጋር ነው የሚውለው። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። «እኔ ምን አውቄ» ትላለች። ግን ማታ «ተረት ተረት» ስትለው «የላም በረት» ብሎ ይቀበላታል፤ የጅብና የቀበሮውን ተረት ቃል በቃል ይመልስላታል።

እስቲ ያለፋችሁበት ወይም የምታስተምሩ ንገሩኝ። ቅደም ተከተሉን ትቼ በስሙ ፊደላት ልጀምር? 231ዱን ከማሯሯጥ በሳምንት ስንት ፊደል ይበቃዋል? ለአስጠኚ የሚሆን ብር የለኝም። እናቴስ ሳታነብ በተረቷ ልታግዘው የምትችልበት መንገድ ይኖር ይሆን?